የኪራይ ጣሪያ ወይስ አዲስ ቤት?

እሳት ወይም ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ደህና ከተማ ሲገቡ ኪራይ ይሰቀላል። ቀድሞ የሚጎዳው ድሮም ተከራይ የነበረው ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተነሳው ሰደድ እሳት የፓራዳይዝን ከተማ አወደመ። ከ18,000 በላይ ሕንፃዎች ጠፉ፤ ብዙ ተፈናቃይ ጎረቤት ከተማ ቺኮ ገባ። የግዛቱ ሕግ የአደጋ ጊዜ ሲታወጅ ኪራይ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨመር ይከለክላል። ይሄ የኪራይ ጣሪያ ቶሎ ይደርሳል፤ ለተከራዩ ፋታ ይሰጣል። ግን አንዲት ክፍል እንኳ አይጨምርም። ለአንድ ቤት ብዙ ሰው ሲሰለፍ፣ አከራዩ ደሞዙ ጠቀም ያለውን ይመርጣል።

ግንባታ እጥረቱን ራሱን ይቀንሳል። ችግሩ ፈቃዱ፣ ውሃና ፍሳሽ መስመሩ ዓመታት ይፈጃል። ርካሽ ነው ተብሎ ወንዝ ዳር ከተሠራ ደግሞ ሌላ ተፈናቃይ ያመጣል።

እኔ ለግንባታው አደላለሁ፤ ቤቶቹ ተሠርተው እስኪያልቁ ግን የኪራይ ጣሪያው መነሳት የለበትም።