አሮጌ አኮርዲዮን ለመሸጥ ያሰባችሁ የጅማ ልጆች፣ ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ የድሮ አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን ወይም ጊታር ቤታችሁ ካለ ይህን ሳታነቡ እንዳትሸጡ። ከደላላ ጋር እየዞረ የሚጠይቅ ገዢ አለ። መግዛቱ ነውር የለውም፤ ነውሩ የሚገዛበት መንገድ ነው። የአክስቴን ልጅ ጉድ የሠራውም ይኸው ሰው ነው።

ልጁ ሰርግ ላይ ይጫወታል፤ ኪቦርድ ያስፈልገው ነበር። ከአባቱ የወረሰው የጣሊያን አኮርዲዮን አለው። ሙሉው መጠን ነው፣ በቀኝ እጅ 41 የፒያኖ ቁልፍ፣ በግራ እጅ 120 የባስ ቁልፍ ያለው፣ ካስቴልፊዳርዶ የተሠራ። ይቺ የጣሊያን ከተማ አኮርዲዮን ሠሪው ፓኦሎ ሶፕራኒ እ.ኤ.አ. በ1863 ሥራ ከጀመረባት ጊዜ አንስቶ በአኮርዲዮን የታወቀች ናት። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ አገራችን ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም።

ሰውየው አኮርዲዮኑን አይቶ፣ አስነፍቶ ሰማና ጥሩ ዋጋ ጠራ። ከዚያ በጨዋታ መሃል "ገንዘቡን ምን ልታደርግበት ነው?" አለው። ልጁም እውነቱን ነገረው። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ኪቦርድ መርጧል፤ ባለሱቁ ቀብድ ካገኘ እስከ ቅዳሜ ያቆይለታል። ገዢው "አይዞህ፣ ቀብዱን ክፈል፣ አርብ ሙሉውን አስገባልሃለሁ" አለ። ልጁ ተበድሮ ከፈለ።

አርብ አመሻሽ ላይ መጣ። የወናፉን ሚስማሮች ነቅሎ አኮርዲዮኑን ከፈተው። የሞባይሉን መብራት ወደ ውስጥ አበራና ድምፅ ከሚሰጡት የብረት ምላሶች በአንዷ ላይ ያለችውን ዝገት በጥፍሩ ፈቀፈቃት። "ይኸው፣ እርጥበት በልቶታል። ለመለዋወጫ እንጂ አይሆንም" አለ። ከተስማሙበት ግማሹን ብቻ እከፍላለሁ አለ። ደላላው ደግሞ ከጎን ሆኖ "ወንድሜ፣ ቀብድህ እንዳይበላ" ይለዋል። ልጁ እጁ ተጠምዝዞ ሸጠ። በጣም ያናድዳል!

ጅማ ዝናባም ናት፣ ዝገት ያጋጥማል። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት ግን በሚያውቅ ሰው ይጸዳል። ሰሙ ለቆት የወለቀ ምላስም ተመልሶ ይጣበቃል። ዋናውን ጤንነት ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማሰሪያውን ፍቱ፣ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ አኮርዲዮኑን በአንድ ጎኑ ይዛችሁ ወናፉ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይከፈት። ቀስ ብሎ ከወረደ አየር ይዟል። ዱብ ካለ ያፈሳል፤ እሱም ቢሆን ይጠገናል። ገንዘቡ ሳይገባ ግን ማንም እንዲከፍተው አትፍቀዱ። ውስጡን ቢቀያይርባችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ለገዢ ገንዘቡን ለምን እንደፈለጋችሁት፣ ለመቼ እንደፈለጋችሁት አትንገሩ። ሰውየው ዋጋ የሰበረው በዝገቱ ሳይሆን በቅዳሜዋ ነው። ቀብድ ከፋይ ከመሆናችሁ በፊትም ቀብድ ተቀባይ ሁኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ዕቃውን አይቶ የወደደ ሰው ቀብዱን ያስቀምጥ፣ ዋጋውም በምስክር ፊት ይጻፍ። ቀሪው መግባቱንም ከራሳችሁ ሂሳብ አረጋግጡ እንጂ እሱ በሚያሳያችሁ ስክሪንሾት አትመኑ።

የሚያይላችሁ ሰው ካጣችሁ ዕቃውን በቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩልኝ። ከድሮ ተጫዋቾች ጠይቄ የሚገባውን ዋጋ እነግራችኋለሁ።