ቫራናሲ በትንሽ ገንዘብ፦ አልጋ የት ይያዝ?

ለትምህርት ወይም ሕመምተኛ ለማስታመም ዴልሂ የሚከርም ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ትንሽ ፋታ ሲገኝ ቶሎ የሚታሰበው ታጅ ማሃል ነው። ሁለት ሦስት ቀን ካላችሁ ግን እኔ የሂንዱዎችን ቅዱስ ከተማ ቫራናሲን እመክራለሁ። በጋንጀስ ወንዝ ዳር ጋት የሚባሉ ከ80 በላይ የድንጋይ ደረጃዎች ተደርድረዋል። ሰው እዚያ ይጠመቃል፣ ይጸልያል፣ ልብስ ያጥባል፣ አስከሬን ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ለማየት ትኬት አይቆረጥም። ገንዘብ የሚሄደው ለአልጋና ለመጓጓዣ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማረፊያችሁን ምረጡ።

ሰፈሮቹ ሦስት ናቸው። በባቡር ጣቢያው በኩል ካንቶንመንት አለ። በወንዙ መካከለኛ ክፍል ደሻሽዋሜድ ጋት ዙሪያ አሮጌው ከተማ አለ። በደቡብ ጫፍ ደግሞ አሲ ጋት።

ካንቶንመንት መንገዱ ሰፊ ነው፤ መኪና በር ድረስ ያደርሳል፣ ሊፍት ያላቸው ሆቴሎችም አሉ። እናት፣ አባት ወይም ከሕክምና የወጣ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ለሌላው ተጓዥ ግን ርካሹ ክፍል ያታልላል። ቫራናሲ የሚያምረው ፀሐይ ስትወጣና ማታ ነው፤ ሁለቱም የሚታዩት ወንዙ ዳር ነው። ከካንቶንመንት በቀን ሁለት ጊዜ በባጃጅ መመላለስ አለባችሁ። ወደ ደሻሽዋሜድ ስትቃረቡ ጎዶሊያ በሚባለው መስቀለኛ አካባቢ መንገዱ ሲጨናነቅ ለተሽከርካሪ ይዘጋና ቀሪውን በእግር ትሄዳላችሁ። ከአልጋው ያተረፋችሁት ብር በዚህ ያልቃል።

አሮጌው ከተማ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው። ደሻሽዋሜድ ላይ በየማታው አርቲ የሚባለው የእሳት ጸሎት ይደረጋል። በ1780 የተሠራው የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስና አስከሬን የሚቃጠልበት ማኒካርኒካም በእግር ይደረሳሉ። ርካሽ ክፍል ሞልቷል፤ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ወንዙን የምታዩበትም አለ። ችግሩ መተላለፊያው ጠባብ መሆኑ ነው። ባጃጅ አይገባም፤ ሻንጣ ተሸክማችሁ በላምና በሞተር ብስክሌት መሃል ትሄዳላችሁ። መስኮት የሌለው ክፍልም ብዙ ነው፣ ሳታዩ አትክፈሉ። ደላላም አይጠፋም። «ያ ሆቴል ተዘግቷል፣ የተሻለ ላሳያችሁ» የሚላችሁ ሰው ኮሚሽን እየፈለገ ነው። ማኒካርኒካ ላይ ደግሞ «ለድሆች ማገዶ» እያሉ ብር የሚጠይቁ አሉ፤ በትሕትና እምቢ በሉ። ካሜራችሁንም ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ያ የሰዎች ለቅሶ ነው።

አሲ የእኔ ምርጫ ነው። ባጃጅ እስከ ጋቱ አጠገብ ይደርሳል። ሆስቴሎች አሉ፤ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ ብቻ መያዝ ይቻላል። በ1916 የተመሠረተው የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ በተማሪ አቅም የሚበላበት ቤት አይጠፋም። ፀሐይ ሳትወጣ ጋቱ ላይ ጸሎት፣ ሙዚቃና ዮጋ አለ፣ በነጻ። ከዚያ በወንዙ ዳር ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር ብትሄዱ ደሻሽዋሜድ ትደርሳላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ የከተማዋ ምርጥ ጉብኝት ይህ የእግር መንገድ ነው፤ አንድ ሩፒ አያስወጣም። የምታድሩት አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ግን ቅርበቱ ይበልጣልና አሮጌው ከተማ እደሩ።

ወቅቱ ይህን ስሌት ሊገለብጠው ይችላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶ ደረጃዎቹን ይሸፍናል፤ በወንዙ ዳር በእግር መሄድ አይቻልም፣ ጀልባም ይከለከላል። ያኔ አሲ ጥቅሙን ያጣል። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ፋን ብቻ ያለው ርካሽ ክፍል እንቅልፍ ይነሳል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ይበርዳል፤ ሙቅ ውሃ መኖሩን ቧንቧ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ከዴልሂ ስትመጡ የሌሊት ባቡር የአንድ ሌሊት የአልጋ ሂሳብ ያድናል። ከመኝታ ክፍሎቹ ስሊፐር የሚባለው ከሁሉም ይረክሳል፤ ነገር ግን ኤሲም አንሶላም የለውም። ትንሽ ጨምራችሁ ሦስተኛ ኤሲ የሚባለውን የመኝታ ክፍል ያዙ፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጣል። በ2019 የጀመረው ቫንዴ ባራት የሚባለው የቀን ባቡር ፈጣን ነው፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀኑንም ይበላል። አውሮፕላን የሚያዋጣው ቅናሽ ትኬት ከተገኘ ብቻ ነው፤ አየር ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የባቡር ትኬት ሽያጭ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ቶሎ ግዙ። የመድረሻ ጣቢያውን ስም አንብቡ። ቫራናሲ ጃንክሽንና ባናራስ ከተማው ውስጥ ናቸው። ዲን ዳያል ኡፓድያያ ግን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከዚያ የባጃጅ ሂሳብ ይጠብቃችኋል።

ጀልባ ከያዛችሁ የንጋቱን ምረጡ። ጋቶቹ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከቱ ብርሃኑ ፊት ለፊት ያርፍባቸዋል። በጋራ የሚሞላው የሞተር ጀልባ ይረክሳል፤ ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ ብትካፈሉት ግን በመቅዘፊያ የሚሄደው ይሻላል፣ ጸጥ ይላል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

ጾመኞች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥጋ የሌለበት ምግብ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን ሕንዶች ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይጨምሩበታል። «ጊ (ቅቤ) የለውም? ዳሂ (እርጎ) የለውም?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅቤ ያልተቀባ ሮቲ (ቂጣ) በሽምብራ ወጥ ርካሽም ነው፣ ያጠግባልም።

ቡድሃ መጀመሪያ ያስተማረበት ሳርናት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የጥንቱን ንጉሥ የአሾካን የአንበሶች ሐውልት የያዘው ሙዚየም ዓርብ ስለሚዘጋ በሌላ ቀን ሂዱ።