ፑል አሠራን፦ ለአርማታው አምስት ኮከብ፣ ለቧንቧው ሁለት

የምንኖረው ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ነው። ጓሯችን ውስጥ ፑል (መዋኛ ገንዳ) አሠርተን ከጨረስን ወዲህ ቤታችን የመጣ ሐበሻ ሁሉ "ማን ሠራላችሁ? ጥሩ ናቸው?" ይለኛል። በአዎ ወይም በአይ የሚያልቅ መልስ ስለሌለኝ አረፍ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቧንቧውን የዘረጉት ሰዎች የድርጅቱ ቅጥር ሠራተኞች አይደሉም፤ በንዑስ ኮንትራት ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ቤት የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከማን ጋር ብትዋዋሉ እኔን የገጠመኝ ሊገጥማችሁ ይችላል።

እኔ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ነኝ። ቀን ቤት ስለምገኝ ሥራውን ከቁፋሮው እስከ ውሃው በዓይኔ ተከታትያለሁ። ባለቤቴ ቀን ስለሚሠራ ማታ ማታ ነው የሚያየው። ውሉ 76 ሺህ ዶላር ነበር፤ በመጨረሻ 81 ሺህ 400 ከፍለናል። ጭማሪው ከየት እንደመጣ እነግራችኋለሁ።

ከዲዛይነሩ ልጀምር፤ ምስጋና ይገባዋል። ልጁ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ልጆቻችንን ሳይቀር ምን እንደሚፈልጉ ጠይቆ ነው የነደፈው። የመጀመሪያው ንድፍ ግን ለእኛ ቤት የሚሆን አልነበረም። ጥልቁ ስምንት ጫማ፣ ልስኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፏፏቴ ያለው የድንጋይ ክምር። ሲያዩት ያምራል። እኔ ግን ሰምጦ የመጣ ልጅ አልጋ አጠገብ የቆምኩ ነርስ ነኝ። ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ የፑሉን ወለል ማየት ካልቻልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጥቁር ልስን ላይ ታች ያለ ነገር በደንብ አይታይም፤ ነጣ ያለው ላይ ግን የወደቀ መጫወቻ እንኳን ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ ቀለሙን ወደ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ጥልቀቱን ከሦስት ጫማ ተኩል እስከ አምስት ጫማ አስቀየርኩ። ፏፏቴውን ሰረዝነው። በእሱ ፋንታ 12 ኢንች ብቻ ጥልቀት ያለው ሰፊ መቀመጫ ተጨመረ፤ ትንሿ ልጄ የምትንቦራጨቅበት፣ እናቴም ከአዲስ አበባ ስትመጣ እግሯን ነክራ የምትቀመጥበት።

ስፋቱ 14 በ28 ጫማ ነው፤ 392 ካሬ ጫማ መሆኑ ነው። ትልቅ የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ ይወቀው፦ አካባቢያችንን የሚያስተዳድረው ክላርክ ካውንቲ ከ2022 መስከረም ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት ፑል ከ600 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ከልክሏል። የዚህ ከተማ ውሃ አብዛኛው ከሚድ ሐይቅ ነው የሚመጣው፤ ሐይቁ እንዴት እንደቀነሰ ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ክልከላው ትክክል ነው እላለሁ። በዚያ ላይ ውሃችን ኖራ የበዛበት ነው። ውሃው በሚደርስበት መስመር ላይ የሚለጠፈው ሴራሚክ ጥቁር ከሆነ በጥቂት ወራት ነጭ ቅርፊት ይይዝና ያስጠላል። እኛ የአሸዋ ቀለም ያለውን መረጥን፤ ቅርፊቱ ባይቀርም ዓይን ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤቴ ነው ያየው። ቅጠልና ቆሻሻ ከላይ የሚስበው ስኪመር በንድፉ ላይ የተቀመጠው በደቡብ ምዕራብ ጥግ ነበር። እዚህ አገር ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤታችን ዛፍ ቅጠል የሚከማቸው በተቃራኒው ጥግ ነው። ዲዛይነሩ ሲነገረው አልተከራከረም፤ እዚያው ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዛወረው። ዛሬ ጠዋት ጠዋት የስኪመሩን ቅርጫት ሳወጣ ቅጠሉ ሁሉ እዚያ ታጭቆ አገኘዋለሁ።

ቁፋሮው በአንድ ቀን ያልቃል ተብሎ ሦስት ቀን ፈጀ። ላስ ቬጋስ ከአፈሩ በታች ካሊቺ የሚሉት፣ እንደ አርማታ የደረቀ የኖራ ድንጋይ ንጣፍ አለ። ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል "ድንጋይ ከተገኘ ተጨማሪ ይከፈላል" የሚል ነበረበት፤ 3 ሺህ 800 ዶላር ወጣብን። ከመፈረማችሁ በፊት የዚያን ጭማሪ ጣሪያ አስጽፉ። እኛ አላስጻፍንም።

አሁን ወደ ቧንቧው።

ፌሮው ታስሮ ካለቀ በኋላ የቧንቧ ሠራተኞቹ መጡ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ዘርግተው ጨረሱ። ፍጥነታቸው ደስ አላለኝም፤ ግን ስለ ቧንቧ ምን አውቃለሁ ብዬ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን፣ አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ ያሳለፉ አባት ለመንኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡልኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በከዘራቸው እየጠቆሙ "ልጄ፣ ይሄና ይሄ ለምን እዚህ ተገናኙ?" አሉኝ።

ያሳዩኝ ይህን ነው። ከስኪመሩ የሚመጣው ቧንቧና ከወለሉ መውረጃ የሚመጣው ቧንቧ ከመሬት ሥር በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ተገናኝተው በአንድ መስመር ወደ ፓምፑ ይሄዳሉ። ውሃው ይሄዳል፣ አይሄድም አይደለም። ግን ነገ አንዱ ቢያፈስ ወይም ቢደፈን ለይቶ መዝጋት አይቻልም፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ እንኳን ወለል መስበር ሊመጣ ነው። ሁለቱ ለየብቻ እስከ ፓምፑ ድረስ መጥተው እያንዳንዱ የራሱ ቫልቭ ቢኖረው ግን አንዱን ዘግቶ በሌላው መሥራት ይቻላል። "ፓምፑ አፍ ላይ ያለውን መታጠፊያ፣ ኤልቦውንም ያንሱት፤ ውሃ ወደ ፓምፕ ሲገባ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው" አሉ።

ሰኞ ለፎርማኑ ነገርኩት። መጀመሪያ "ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው" አለኝ። ቀጥዬ የቧንቧውን ስፋት ጠየቅሁት፤ ቧንቧው ላይ የታተመው ሁለት ኢንች ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለት ኢንች ተኩል ይሻላል የሚል ሰምቼ ነበር። እዚህ ላይ እሱ ልክ ነበር፣ አልክደውም። ሁለት ኢንች ቧንቧ በመሳቢያ በኩል ሳይጨናነቅ በደቂቃ 60 ጋሎን ገደማ ያሳልፋል፤ የእኛ ፑል በጠቅላላው 12 ሺህ ጋሎን ገደማ ነው። መስመሮቹ እስከተለያዩ ድረስ ይበቃል። መስመሮቹን ለመለየትና ኤልቦውን ለማንሳት ግን 1 ሺህ 600 ዶላር ጠየቁን። ንድፉ ላይ "ለየብቻ" ተብሎ ስላልተጻፈ ከፈልን። ቅር ቢለኝም የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

በደንብ የሠሩትንም ልናገር። ወለሉ ላይ ያሉት መውረጃዎች ሁለት ናቸው፤ በሜትር ለክቻቸዋለሁ፣ በመካከላቸው ሦስት ጫማ ሙሉ አለ። አንዱ በሰው አካል ቢሸፈን ሌላው ስለሚስብ ፓምፑ ሰውን ጠምዶ አይይዝም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ በሰባት ዓመቷ የሙቅ ውሃ ገንዳ መውረጃ ስቦ ይዟት ሞታለች። በ2007 የወጣው የመውረጃ ክዳን ሕግ በእሷ ስም ነው የሚጠራው። ልጅ ያላችሁ፣ የምትገዙት ቤት አሮጌ ፑል ካለው ወለሉ ላይ ስንት መውረጃ እንዳለ ቁጠሩ፤ ክዳኑንም አስፈትሹ።

ሁለት ኮከብ ያሰጣቸው ግን የቧንቧው አዘረጋግ ብቻ አይደለም፤ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ ነው። ቧንቧው ተዘርግቶ ሲያልቅ ጫፎቹ ሁሉ ተደፍነው በአየር ይነፋል፤ ጌጅ ይገጠምበትና አርማታው እስኪረጭ ድረስ ግፊቱን ይዞ መቆየት አለበት። ማክሰኞ ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ጌጁ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ወደ ጓሮ ሄድኩ። መርፌው 22 ላይ ቆሟል።

ፎርማኑ ሲመጣ "ሌሊቱ ቀዝቅዟል፣ አየር ሲቀዘቅዝ ይወርዳል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወርዳል። ግን በጥቅምት ሌሊት የሚወርደው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ በዚያ ላይ ብርድ ከሆነ ፀሐይ ስትወጣ መመለስ አለበት። "እንግዲያው ከሰዓት እንየው" አልኩት። እንቅልፌን ትቼ ጠበቅሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መርፌው 19 ላይ ነው። ቢሮ ደወልኩ። የአርማታ መኪናው ለዓርብ ተይዟል፣ ከተሰረዘ ቀኑ ይራዘማል አሉኝ። ግፊቱ ሳይይዝ አርማታ ከተረጨ የቀጣዩን ደረጃ ክፍያ አልፈርምም አልኳቸው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያልኩት፣ ግን አልኩት።

ሐሙስ የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ እሱን አመሰግነዋለሁ። በባልዲ የሳሙና ውሃና ብሩሽ ይዞ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መቀባት ጀመረ። እናቴ ቡታ ጋዝ በቀየረች ቁጥር ሲሊንደሩ አንገት ላይ የኦሞ አረፋ ትቀባ ነበር፤ ያው ነው። አጠገቡ ተንበርክኬ አየሁ። በደረጃው ሥር ካለው መገጣጠሚያ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ፣ እንደ ሽሮ ፍንጥቅጥቅ እያሉ። ቆርጦ ሲያወጣው ምክንያቱ ታየ። ሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ሙጫው ከመቀባቱ በፊት የሚቀባው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ማጽጃ አለ፤ ይሄኛው ነጭ ነው። ሳይቀባ ነው የተጣበቀው፣ እስከ መጨረሻውም አልገባም ነበር። ቁራጩን ጠይቄ ወሰድኩት፤ ጋራዥ ውስጥ አለ። ያ መገጣጠሚያ ዛሬ በአርማታ፣ በልስንና በውሃ ሥር ይሆን ነበር።

ከተስተካከለ በኋላ ጌጁ ሦስት ሌሊት ያዘ፤ ጎህ ሲቀድ 29 ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ 30። አርማታው ወደ ሰኞ ተዛወረ።

የአርማታ ሠራተኞቹን በተመለከተ ግን ሙሉ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። ቱቦውን የያዘው ሰውዬ ሲረጭ፣ ከግድግዳው እየፈናጠረ የሚወድቀውን ሌሎቹ በአካፋ ሰብስበው ወደ ውጭ ጣሉት እንጂ ለደረጃው መሙያ አላደረጉትም፤ የወደቀው ተመልሶ ከገባ ደረጃው ይሰነጠቃል። ደረጃዎቹን በእጅ ሲያስተካክሉ ያየ ሰው ሸክላ የሚሠሩ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከሥራ ስመለስና ማታ ስወጣ በጎማ ውሃ አጠጣሁት። ካውንቲው የላከው ኢንስፔክተርም አርማታው ከመረጨቱ በፊት ከፌሮው ጋር የታሰረውን የመዳብ ሽቦ አይቶ በመጀመሪያው ዙር አሳልፎታል።

ፓምፑ ፍጥነቱ የሚስተካከል ነው። ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ለእንዲህ ዓይነት ፑል የሚሸጡት አዳዲስ ፓምፖች በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት የሚበላው መብራት ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። እኛ ቀስ አድርገን ረጅም ሰዓት ነው የምናስኬደው፤ ድምፁ መኝታ ቤት አይሰማም።

ልስኑ ባለቀ ቀን ውሃው በሁለት ጎማ ያለማቋረጥ ሲሞላ አደረ። መሃል ላይ ከቆመ ግድግዳው ላይ መስመር ይተዋል ስላሉን ባለቤቴና ልጆቼ ተራ ገብተው ጠበቁ። ቢሮው ስልክ ለማንሳት ሰነፍ ነው፤ በጽሑፍ ከላካችሁ ግን በቀኑ ይመልሳሉ።

ዲዛይነሩንና የአርማታ ሠራተኞቹን ነገ ድጋሚ እቀጥራለሁ። ቧንቧውን ግን ግፊቱን በዓይኔ ሳላይ ለማንም አልፈርምም። እያንዳንዱ ቧንቧ አርማታ ከመልበሱ በፊት ሜትር አጠገቡ ተዘርግቶ ያነሳኋቸው ከ60 በላይ ፎቶዎች አሉኝ፤ ከግድግዳው ስንት ጫማ እንደሚርቅና ስንት ኢንች ጥልቀት ላይ እንዳለ ያሳያሉ። ለማሠራት ያሰባችሁ ኑና እዩአቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት እተኛለሁ።