ማርማላታ ወይስ የተከተፈ አፕል?

ፍርፋሪ ለሚነሰነስበት የፍራፍሬ ኬክ ሊጡ ለሁለቱም አንድ ነው፦ 250 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 ኩባያ ኦትስ፣ ከፍሪጅ የወጣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ። በጣት ጫፍ ይታሻል እንጂ አይቦካም። ሁለት ሦስተኛው ትሪው ላይ ይጠቀጠቃል፣ የቀረው ከላይ ይበተናል። ልዩነቱ መሃሉ ላይ ነው።

ማርማላታ ስንፍና ለያዘን ቀን ነው። ቀብቶ ወደ ኦቭን። ማርማላታው ሲሠራ ውሃው ስለተነነ ታቹን ብዙም አያረጥብም፤ ሲቆረጥም ጠርዙ ቀጥ ይላል። ግን ይጣፍጣል፣ ከልክ በላይ። ሎሚ ጠብ ባደርግበትም ሁለተኛውን ቁራጭ አልጨርስም።

አፕል ሥራ አለው። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ ከትፌ ጨመርኩት። ውሃው ወጣና ታቹ ገንፎ ሆነ! አሁን አፕሉን በ1 ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና በቀረፋ አሸዋለሁ። ታቹንም ለብቻው በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ አስቀድሜ እጋግረዋለሁ። ኮምጠጥ ያለ የጨንቻ አፕል ከተገኘማ ማርማላታውን እርሱት።

ለእንግዳ አፕሉን እመርጣለሁ፣ ለልጆች መክሰስ ማርማላታውን። ሁለቱንም ሳይቀዘቅዙ አትቁረጡ፤ ይፈራርሳሉ። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ማን እንደሚታገስ እንጃ።