ብቻን ከዴንቨር ወደ ኪይስቶን፦ በዋሻው ወይስ በላቭላንድ ፓስ?

በበረዶ ወራት ብቻችሁን እየነዳችሁ ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ወደ ኪይስቶን፣ ኮሎራዶ ወዳለው የበረዶ መንሸራተቻ፣ ስትሄዱ፣ ተራራው ሥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ አውራ ጎዳና አይ-70 በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። ዩኤስ 6 የሚባለው መንገድ ደግሞ ላቭላንድ ፓስን፣ ማለትም የተራራውን ማለፊያ፣ ይወጣል።

ዋሻው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ወደ ምዕራብ የሚወስደው መስመር የተከፈተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ውስጡ በረዶም ነፋስም የለም። ችግሩ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ መኪናው ተያይዞ ይቆማል። ከወጣችሁ በኋላም እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ረጅም ቁልቁለት አለ። ፍሬን ብቻ አትመኑ፣ ማርሽ ቀንሱ።

ላቭላንድ ፓስ 3,655 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከላይ የሚታየው ነገር ልብ ይሰርቃል፣ እውነት ለመናገር። ግን ኩርባው ይበዛል። ብዙ ቦታ ጠርዙ ላይ መከለያ የለም። የበረዶ ናዳ ሲያሰጋም ይዘጋል። በዚያ ላይ አደገኛ ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች በመደበኛው ጊዜ ዋሻው ስለማይፈቀድላቸው የሚያልፉት በዚሁ ነው። ብቻችሁን ሆናችሁ፣ አስፋልቱ በረዶ ለብሶ፣ ከእነሱ ጋር መተላለፍ በጣም ያስጨንቃል።

እኔ ብቻዬን ስሆን ዋሻውን ነው የምመርጠው። ወረፋውን እችለዋለሁ። ፓሱን ሰማዩ ለጠራበትና አጠገቤ ሰው ላለበት ቀን አቆየዋለሁ።

በየትኛውም ብትሄዱ ጎማችሁን እዩ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት በሕግ ግዴታ ነው። ነዳጅ ሙሉ፤ ብርድ ልብስና ውሃም ያዙ።