ለልጄ ሆምሩም መምህር ምስጋና፣ በጃፓን ልጅ ለምታሳድጉ ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ሲገፋ ሲገፋ ዛሬ ደረሰ። ቶኪዮ ውስጥ በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ትልቋ ልጄ እዚያ ትማራለች። የክፍሏ ሆምሩም፣ ማለትም የክፍሉ ኃላፊ፣ የሆኑት የሒሳብ መምህር ለቤታችን ያደረጉትን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እግዜር ይስጣቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ላውጣ።

ጃፓን ልጅ ያስተማረ ሰው ወረቀቱን ያውቀዋል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳው ውስጥ የማይጠፋ የማስታወቂያ ወረቀት። እኔ ጃፓንኛ ለሥራና ለገበያ አላጣም፣ ንባቡ ላይ ግን ካንጂው፣ ከቻይና የመጣው ውስብስብ ፊደል፣ ይገድለኛል። ልጄ በፊት በነበረችበት ትምህርት ቤት ያ ወረቀት መከራችን ነበር። ዋና በሚጀመርበት ቀን የዋና ልብስ ሳትይዝ ሄዳ ዳር ቁጭ ብላ ዋለች። ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዞ በመጣበት ቀን እሷ ባዶ እጇን። ሄጄ ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።» በትህትና፣ አንገት ጎንበስ ተብሎ። ትህትናው ነው የባሰ ያናደደኝ።

ጸጉሯንም አልተዉትም። ሹሩባ ተሠርታ ሄደች፣ ደንብ ጥሰሻል ተባለች። ፈታችው፣ በዛ ተባለች። ተፈጥሮዋ መሆኑን ጽፈን እንድንፈርም ወረቀት ሰጡን። የቶኪዮ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 በሥሩ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጸጉር ጥቁር ይሁን የሚለውን ደንብ አስቀርቷል። እኛ የነበርንበት ግን ከዚያ ውጪ ስለነበር ጉዳዩ የሚያበቃ አልመሰለም። ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ይህን ያየች እናት ታውቀዋለች።

መሀል ላይ ደግሞ «ዓለም አቀፍ ነን» ያለን አንድ ቦታ ገንዘባችንን በላ። እሱን አልዘረዝረውም፣ ደሜ ይፈላል።

አሁን ወዳለንበት ትምህርት ቤት የመራችን አንዲት የፊሊፒንስ እናት ናት። እሷንም እግዜር ይስጣት። ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ነው፣ የጃፓን ሥነ ጽሑፍና ታሪክ በጃፓንኛ። ፕሮግራሙ አይቢ ይባላል፣ በብዙ አገር የሚሰጠው ዓለም አቀፉ ባካሎሬት ማለት ነው። ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ አስረድተውኛል፣ አልገባኝም። ልጅቷ ገብቷታል፣ ይበቃል።

የገባን ሰሞን እኒህ መምህር አነጋገሩኝ። ስለ ውጤት አልነበረም ያነሱት። «ከትምህርት ቤት ከሚመጣው ነገር የሚያስቸግርዎ የትኛው ነው?» አሉኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወረቀቱ አልኳቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወር በገባ ቁጥር አንዲት ገጽ ይልኩልኛል። ቀኑ፣ የሚያዘው ነገር፣ ሰዓቱ። ሌላ የለበትም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ከጎኑ ጃፓንኛው በሂራጋና፣ በቀላሉ የድምፅ ፊደል፣ ተጽፏል። አሁን የሌሎች አገር እናቶችም ይወስዷታል። ጃፓናዊት እናት እንኳ «ለእኔም ላኩልኝ» ስትል ሰምቻለሁ።

ዓመቱን በዚያች ገጽ ነው የተማርኩት። እዚህ ትምህርት የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ነው፣ የቼሪ አበባው ሲፈካ። መቀበያው ሥነ ሥርዓት የሠርግ ያህል ነው፣ ሱፍ ልብስ ያስፈልጋል። ሜይ መጀመሪያ ላይ በዓላቱ ተያይዘው ይመጣሉ፣ ወዲያው ፈተና። ጁን ላይ የደንብ ልብሱ ወደ ቀጭኑ ይቀየራል፣ ዝናቡም ይገባል። ጁላይ ማለቂያ ላይ ረጅሙ እረፍት ይጀምራል። እረፍት ይበሉት እንጂ የቤት ሥራውና የክበቡ ልምምድ አያሳርፍም። ሴፕቴምበር 1 የአደጋ መከላከያ ልምምድ አለ፣ የ1923ቱ ታላቁ የካንቶ ርዕደ መሬት የደረሰበት ቀን ስለሆነ። መኸር ላይ የባህል ፌስቲቫሉ፣ ቡንካሳይ። ከዚያ የመዘምራን ውድድር፣ የክረምት እረፍት፣ አጭሯ ሦስተኛ ተርም፣ ማርች ላይ ምረቃ። የኪዮቶና የሂሮሺማው ጉዞ ደግሞ አለ፣ ብሩ ቀደም ተብሎ በየወሩ ይቆጠባል። ይህን ሁሉ ድሮ የማውቀው ካለፈ በኋላ ነበር።

አንድ ቀን ዘመን አቆጣጠር ተነሳ። ጃፓኖችም እንደ እኛ የራሳቸው አላቸው፣ 2024 ለእነሱ ሬይዋ 6 ነው፣ የአሁኑ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስድስተኛ ዓመት ማለት ነው። እኛ ጋ 2016 ነው ስላቸው መምህሩ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ። አዲስ ዓመታችን መቼ እንደሆነ፣ ገና ለምን ጃንዋሪ 7 እንደሚውል፣ ፋሲካ ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚቀያየር አንድ በአንድ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ፋሲካችን ሜይ 5፣ ስቅለት ሜይ 3 ነበር የዋለው። ሁለቱም ጃፓን ዝግ የሆነበት ቀን ነው፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሴፕቴምበር ሲመጣ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር 11ኛው ቀን ላይ «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት» ተብሎ ተጽፎ ልጄ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የቬትናሙም፣ የኔፓሉም በዓል አለበት። የክፍሉ ልጆች በዓል ሁሉ አለበት።

ክበቡ ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። እዚህ ትልልቅ ሰዎች ኢትዮጵያ ሲባሉ አበበ ቢቂላን ያነሳሉ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ያዩ ናቸው። ያኮራል። መዘዙ ግን ልጄ ላይ ወደቀ፣ ሁሉም ሯጭ ናት ብሎ አመነ። ልጄ ደግሞ ሩጫ አትወድም! አውቶቡስ ሲያመልጣት እንኳ ቆማ የሚቀጥለውን የምትጠብቅ ናት። የአትሌቲክስ ክበቡ ሰዎች ሲከቧት መምህሩ መጥተው «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። ክላርኔት አለች። የሙዚቃ ባንዱ ውስጥ ገባች። አሁን ቤታችን በክላርኔት ይጮኻል፣ ጎረቤት ይቅር ይበለን።

ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ ግን የነሐሴው ነገር ነው። ባንዱ በረጅሙ እረፍት ወደ ናጋኖ ተራሮች ሄዶ እያደረ ይለማመዳል፣ ጋሹኩ ይሉታል። ቀኑ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። ልጄ ደግሞ ፍልሰታን አታፈርስም፣ ከአያቷ የያዘችው ነው። እኔ ባለፈው ያየሁትን አይቼ እንዲህ ያለ ነገር ለትምህርት ቤት መንገር ፈራሁ። እሷ ራሷ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ተደወለልኝ። «እናቷ፣ የማትበላውን ይንገሩኝ።» ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልኩ። ዓሣም ጨመርኩ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታንሱብኝ፣ በእኛ ቤት አይበላም። መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ሾርባው ውስጥ ያለውስ?» አሉኝ። የጃፓን ምግብ መሠረቱ ዳሺ የሚሉት መረቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። ሚሶ ሾርባው ውስጥ አለ፣ ኑድሉ ውስጥ አለ፣ አትክልቱ የሚበስለው በሱ ነው። ስንቶቻችን በጾም «አትክልት ነው» ብለን በልተነዋል! እሳቸው ክርስቲያን አይደሉም፣ ስለ ጾማችን ከዚያ በፊት ሰምተውም አያውቁም፣ ግን እኛ ያላሰብነውን አሰቡ።

እንግዳ ማረፊያው ጋ ደውለው ከምግብ አብሳይዋ ጋር ተነጋገሩ። ሴትዮዋ አልተቸገረችም። «እንደ መነኮሳቱ ምግብ ነዋ!» አለች አሉ። ለካ የጃፓን ገዳማት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ አላቸው። መረቁን ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ተክል ሠራችላት። መምህሩ ስለ ሙቀቱም አልዘነጉም። ልጅ በዚያ ሐሩር ሲለማመድ ይወድቃል፣ ውኃ መጠጣት አለባት፣ ቁርስም ያስፈልጋታል አሉኝ። የንስሐ አባታችንን በስልክ ጠየቅሁ፣ ፈቀዱ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ምን መሰላችሁ? ማንም ፊት አላቆሟትም። አለርጂ ያለባቸው ልጆች ዝርዝር አለ፣ ኦቾሎኒ የማይበላ፣ ሽሪምፕ የማይበላ። ስሟን ከእነሱ ጋር አስገቡት፣ በቃ። ልጄ በልታ፣ ተለማምዳ፣ ጾሟን ጾማ፣ በትንኝ ተነድፋ መጣች። ስለ ምግቡ ስጠይቃት «ምንም አልነበረም» አለችኝ። ልጅ «ምንም አልነበረም» ብላ እንድትመጣ ስንት ሥራ እንደተሠራ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቡንካሳዩ ላይም እንዲሁ ነው። ቡናና ጀበና አምጪ እባላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ልማድ ሆኖብኛል። የሚጠራኝ ጠፋ። ክፍሉ ድምፅ ሰጥቶ የመናፍስት ቤት መርጧል፣ ልጄ ጨለማ ውስጥ ቆማ ሰው የምታስደነግጥ መንፈስ ሆናለች። ስገባ በጣም ነው የጮኽኩት። የአገር ባህል ማሳያ ሳትሆን እንደ ማንኛዋም የክፍሉ ልጅ ስትስቅ አየኋት።

እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ቶኪዮ ውስጥ ካቱሺካ አካባቢ ያላችሁ፣ ልጅ ሲያለቅስ «ይለምደዋል» እያላችሁ አትቀመጡ። እንዲህ ያለ ቦታ አለ። እንዲህ ያለ መምህር አለ። የሁለት ቋንቋ ትምህርት የግል ብቻ ነው፣ አይቻለንም የምትሉ ደግሞ ሜጉሮ ያለውን የቶኪዮ መንግሥት ኮኩሳይ ሁለተኛ ደረጃን ጠይቁ፤ ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፣ አይቢም ከ2015 ጀምሮ ያስተምራል። የትምህርት ቤቶቹ የማስተዋወቂያ ቀኖች በአብዛኛው በረጅሙ እረፍትና በመኸር ናቸው፣ የቶኪዮ የግል መካከለኛ ደረጃዎች ፈተና ፌብሩዋሪ 1 ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ ዓመት ይለፍና አትበሉ። ስትሄዱ ሕንፃውን ትታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ለወላጅ የሚላከው ወረቀት በምን ቋንቋ ነው?

የትምህርት ቤቱን ስም ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። የመምህሩን ስልክ ግን አትጠይቁኝ። የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ጥናት የጃፓን መካከለኛ ደረጃ መምህራን በሳምንት 56 ሰዓት ይሠሩ ነበር፣ ከተጠኑት አገሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። የእኛዋን ገጽ የሚያዘጋጁት ከዚያ ላይ ነው፣ ሌላ እንዳንጨምርባቸው።