ክላስ 0 የኤሌክትሪክ ጓንት፦ ለፓኔል እንጂ ለምሰሶ አይደለም

ቀይ መለያ ያለው ክላስ 0 የላስቲክ ጓንት የሚፈተነው በ5000 ቮልት ቢሆንም የሥራ ጣሪያው 1000 ነው። ለ220 እና ለ380 ቮልት ፓኔል (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) ይበቃል፤ ለ15 ኪሎ ቮልት መስመር ግን መልበሱ ሞትን መጥራት ነው። ዋና ድክመቱ ስስነቱ ነው፤ የተቆረጠ ሽቦ ጫፍ ይበሳዋል። ስለዚህ ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረባል፤ ቆዳው ከላስቲኩ አፍ ቢያንስ 13 ሚሊ ሜትር ማጠር አለበት፤ አለዚያ ላብ ያራሰው የቆዳ ጓንት ኤሌክትሪኩን ወደ ክንድ ያሻግረዋል። ሁልጊዜ ከመልበስ በፊት አፉን ጠቅልሎ አየር ማፈን፣ ጣቶቹን እየጨመቁ ጆሮ ላይ ማስጠጋት ነው፤ «እስስ» ካለ ይጣላል፣ በማጣበቂያ አይጠገንም። ግሪስና ናፍጣ ያሳብጡታል፤ አጣጥፎ ማስቀመጥም ይሰነጥቀዋል። በየ6 ወሩ እንደገና በቮልቴጅ መፈተን ይገባዋል (ብዙ ወርክሾፕ የሚዘለው ይህንን ነው)። አጭር ዙር ሲፈጠር ከሚፈነዳው እሳት ግን ፊትን አያድንም፤ ለዚያ የአርክ መከላከያ የፊት ጋሻ ለብቻው ይገዛል።